አራት አንደኞች፣ አንድ ዋንጫ

ሰንጠረዡን ላስቀምጥላችሁ። አምስት ቡድን፣ ለእያንዳንዱ ስምንት ጨዋታ። ሞንትሪያል 5 አሸነፈ፣ 3 ተሸነፈ። ኦታዋ 5 አሸነፈ፣ 3 ተሸነፈ። ቪክቶሪያስ 5 አሸነፈ፣ 3 ተሸነፈ። ኩቤክ 5 አሸነፈ፣ 3 ተሸነፈ። ክሪስታልስ የሚባለው አምስተኛው ቡድን ስሙ ፊት የተጻፈው ስምንት ሽንፈት ነው።

የካናዳ አማተር ሆኪ ማኅበር የ1894ን የውድድር ዘመን የጨረሰው በዚህ ሰንጠረዥ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለአንደኛው የሚሰጠው ዋንጫ ደግሞ ተራ ዋንጫ አይደለም፤ ዛሬ ስታንሊ ካፕ የሚባለው፣ በሰሜን አሜሪካ ሆኪ ከሱ በላይ የሌለው ዋንጫ ነው። ያኔ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ስምንት ሳምንት ተንሸራተው፣ ተጋጭተው፣ ጥርስ ረግፎ፣ በእርግጠኝነት የታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጨረሻ የወጣው ማን እንደሆነ።

የፕሪሚየር ሊግ ተመልካች ይሄን ሲያይ ወዲያው «የጎል ክፍያስ?» ይላል። ትክክል ነው። በ2012 ማንቸስተር ሲቲና ማንቸስተር ዩናይትድ እኩል 89 ነጥብ ይዘው ሲጨርሱ ዋንጫው በጎል ክፍያ ወደ ሲቲ ሄደ። ስብሰባ የጠራ የለም፣ የተደራደረ የለም። መለያው ከውድድሩ በፊት ተጽፎ ስለነበር ነገሩ እዚያው ሜዳ ላይ አለቀ። በ1894 ግን አራት ቡድን እኩል ቢወጣ በምን እንደሚለይ የሚናገር መስመር አልነበረም። ኮድ የምንጽፍ ሰዎች እንዲህ ያለውን ኤጅ ኬዝ እንለዋለን፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ማንም ያላሰበው፣ አንድ ቀን ግን ደንበኛው ፊት ድንገት ብቅ የሚል ሁኔታ። መጥፎነቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው ሥራው ዋጋ ማውጣት ከጀመረ በኋላ መሆኑ ነው።

እዚህም የሆነው ይኸው ነው። ሆኪ ዋንጫ ሳይኖረው ለዓመታት ተጫውቷል፣ ማኅበር አቋቁሟል፣ ደንብ ጽፏል። ዋንጫው ሲመጣ ግን ማንም በደንብ ያልጠየቃቸው ሁለት ጥያቄዎች ተከትለውት መጡ። «አንደኛ» ማለት ማን ነው? ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ቀላል የሚመስለው፦ «ቡድን» ማለትስ ማን ነው?

መጀመሪያ ጨዋታውን እንየው፤ ዛሬ በቴሌቪዥን ከምናየው ብዙ ይለያል። ሆኪን ለማያውቅ ሀበሻ አቋራጩ ገና ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ የምትመታ ሩር፣ ሁለት የተፋጠጡ ወገኖች። እንግዲህ ሜዳውን በረዶ አድርጉት፣ ሩሯን ፓክ በምትባል ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ተኳት፣ ተጫዋቾቹን ከሥሩ የብረት ስለት ያለው ጫማ አልብሷቸው። ልዩነቱ፣ ገና ሰፊ ሜዳ ላይ ስለሆነ የመጣው ሁሉ ይገባል፤ መንደር ከመንደር ያለ ቁጥር ሊጋጠም ይችላል። ሞንትሪያሎች ግን ጨዋታውን ጣራ ሥር አስገቡት። ማርች 3 ቀን 1875 ጄምስ ክሬይተን የሚባል ሰው ያደራጀው፣ በአንድ ወገን ዘጠኝ ሰው ያሰለፈ ጨዋታ ቪክቶሪያ በሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ተካሄደ። የአዳራሹ በረዶ 62 ሜትር በ24 ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሜዳ መጠን ከዚህ እምብዛም አይርቅም። አንድ ለመዝናኛ የተሠራ አዳራሽ በዚያ ስፋት ስለተሠራ የአንድ ስፖርት ልክ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

በ1890ዎቹ በአንድ ወገን የሚሰለፈው ሰባት ሰው ነው (ዛሬ ስድስት ነው)። ጨዋታው ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፣ ሁለት አጋማሽ። ዛሬ ተጫዋቾች በየአንድ ደቂቃው እየተቀያየሩ ነው የሚጫወቱት፤ ያኔ ግን ሰው ካልተጎዳ በቀር የጀመሩት ሰባቱ ይጨርሱታል። ፓኩን ወደፊት ማቀበል አይፈቀድም። እንደ ራግቢ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ትሰጣለህ፣ አለዚያ ራስህ ይዘህ ትሮጣለህ። በረኛው መተኛት፣ መንበርከክ፣ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ጎሉ መረብ የለውም፤ በረዶው ላይ የተተከሉ ሁለት ቋሚዎች ብቻ ናቸው። ገባ አልገባም የሚለውን የሚወስነው ከቋሚዎቹ ኋላ፣ እዚያው በረዶው ላይ የሚቆም ሰው ነው። ቫር ላይ የምናማርር ሰዎች ይሄን ሰውዬ አንዳንዴ ብናስበው ጥሩ ነው።

በረዶውም የተፈጥሮ ነው። ማቀዝቀዣ ማሽን የለም፤ አዳራሹ ጣራና ግድግዳ አለው እንጂ ቅዝቃዜው ከውጭ የሚገባው የካናዳ ብርድ ነው። ስለዚህ የውድድር ዘመኑ በጃንዋሪና በማርች መሀል ተጨናንቆ ያልቃል። ከዚያ ሜዳው ራሱ ይቀልጣል። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

«አማተር» የሚለው ቃልም ዛሬ «ጀማሪ» ወይም «ያልበሰለ» ለማለት ከምንጠቀምበት ይለያል። በዚያ ዘመን አማተርነት ክብር ነው። ለገንዘብ የሚጫወት ሰው ጨዋታውን እንዳረከሰ ይቆጠራል፤ ቀን ሥራው ላይ ውሎ ማታ ጫማውን የሚያስር ሰው ነው የሚከበረው። ከጀርባው የመደብ ጉዳይ እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ለጨዋታ ጊዜና ገንዘብ ያለው ሁሉም ሰው አይደለም። ለታሪካችን የሚጠቅመው ግን ይሄ ነው፦ ደመወዝ የለም፣ ቦነስ የለም፣ ዝውውር የለም። የሚቀረው ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ማን አሸነፈ የሚለው ጥያቄ ላይ የሚነሳው ጠብ ቀላል አይሆንም።

ማኅበሩ የተቋቋመው በዲሴምበር 1886 ነው። እስከ 1892 ድረስ፣ ከአንድ ዓመት በቀር፣ ሻምፒዮኑ የሚለየው እንደ ቦክስ ቀበቶ ነበር። ማዕረጉን የያዘው ቡድን አለ፤ ሌሎቹ ይፈትኑታል፤ ያሸነፈው ይወስዳል። ክረምቱ ሲያልቅ ማዕረጉ እጁ ላይ ያለው ቡድን የዓመቱ ሻምፒዮን ይባላል። ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል። ችግሩ ይህ ሥርዓት ትዝታ የለውም። እያንዳንዱ ጨዋታ የቀድሞውን ሰርዞ ላዩ ላይ ይጽፋል፤ በመጨረሻ የሚነበበው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው።

በ1892 ክረምት ይሄ ነገር ኦታዋ ላይ ወደቀ። ኦታዋ ማዕረጉን በጃንዋሪ ወስዶ የመጣውን ሁሉ እየመለሰ ቆየ። ማርች 7 ቀን ግን ሞንትሪያል 1 ለ 0 አሸነፈው። ወቅቱ አለቀ። የዓመቱ ሻምፒዮን ማን ሆነ? ሞንትሪያል። የኦታዋ የሁለት ወር ሥራ በአንድ ጎል ተሰረዘ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ማርች 18 ቀን፣ ኦታዋ ከተማ ራስል ሀውስ በሚባል ሆቴል ለቡድኑ ግብዣ ተደረገ። እዚያ ግብዣ ላይ ሎርድ ኪልኮርሲ የሚባል የአገረ ገዢው ረዳት ተነስቶ ደብዳቤ አነበበ። ላኪው በእንግሊዝ ዘውድ ስም ካናዳን የሚያስተዳድረው ጠቅላይ ገዢ፣ ሎርድ ስታንሊ ነው። ሰውየው ከሆኪ ጋር የተዋወቀው በ1889 በሞንትሪያል የክረምት ፌስቲቫል ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ በሙሉ ተነደፈ። ወንዶች ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ሴት ልጁ ኢዛቤልም ትጫወታለች። ደብዳቤው፣ ሻምፒዮኑን የሚያሳይ አንድም የሚታይ ምልክት እንደሌለ አንስቶ፣ በየዓመቱ እጅ የሚቀያይር ዋንጫ እሰጣለሁ ይላል።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይሄንን ክፍል ነው። እኔን የሚስበኝ ግን የሚቀጥለው ነው። ስታንሊ በዚያው ደብዳቤ ስለ ጨዋታዎቹ አደረጃጀት አስተያየት ጨምሯል። አሁን ያለው አሠራር ሁሉንም ያረካ አይመስለኝም፤ ተጋጣሚዎች አንዱን ጨዋታ በአንዱ ሜዳ፣ ሌላውን በሌላው ሜዳ ቢያደርጉ ይሻላል የሚል መንፈስ ያለው ነው። ለአንድ የዘውድ ተወካይ ይሄ የሚገርም ዝርዝር ነገር ነው። ዋንጫ ልሰጥ ብሎ ተነስቶ ስለ ፕሮግራም አወጣጥ ያስባል። በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ እንደተባለው አደረገ፦ ሁሉም ከሁሉም ጋር፣ አንዴ በሜዳው አንዴ ከሜዳው ውጪ።

ዋንጫውን ካፒቴን ኮልቪል የሚባል ሌላ ረዳት ለንደን ላይ በ10 ጊኒ ገዛው፤ በጊዜው ወደ 50 ዶላር ማለት ነው። ዛሬ ተጫዋቾች ጭንቅላታቸው በላይ የሚያነሱትን ረዥም ግንብ የሚመስል ነገር እንዳታስቡ። የመጀመሪያው ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የብር ሳህን ነው፤ ሰላጣ ይቀርብበታል ብትባሉ የምታምኑት ዓይነት። ቶሮንቶ ያላችሁ ሀበሾች ከፈለጋችሁ መሀል ከተማ ባለው የሆኪ ሙዚየም ሄዳችሁ ታዩታላችሁ፤ ዋናው እዚያ ነው ያለው። ስታንሊ ሁለት ባለአደራዎችም ሾመ፦ የኦታዋውን ሸሪፍ ጆን ስዊትላንድንና ጋዜጠኛውን ፊሊፕ ሮስን። ደንቦቹ አጭር ናቸው። ዋንጫው የማንም ንብረት አይሆንም፣ አሸናፊው ስሙን በራሱ ወጪ ያስቀርጽበታል፣ ጥርጣሬ ከተነሳ የባለአደራዎቹ ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ፕሮግራመሮች ከኮዱ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጧት «ሌላ ማንኛውም ነገር ቢመጣ» የምትል መስመር ናት። ስትጻፍ ሁሉን የምትሸፍን ትመስላለች።

በ1893 ሞንትሪያል ሆኪ ክለብ ከስምንት ጨዋታ ሰባቱን አሸነፈ። ኦታዋ ስድስት አሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። የፍጻሜ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም፤ ሰንጠረዡ ወሰነ፣ አለቀ። ዋንጫው ለሞንትሪያል ይሰጥ።

ለየትኛው ሞንትሪያል?

በከተማዋ የሞንትሪያል አማተር አትሌቲክ ማኅበር የሚባል ትልቅ ድርጅት ነበር። በ1881 የተመሠረተ፣ የበረዶ እግር ጉዞ፣ የላክሮስና የብስክሌት ክለቦችን አንድ ላይ ያሰባሰበ፣ አርማው ክንፍ ያለው ጎማ የሆነ። ሆኪ ክለቡ ከዚህ ማኅበር ጋር የተያያዘ ነው፣ አርማውንም ይለብሳል። ግን የራሱ አመራር አለው፣ ራሱን እንደ ራሱ ነው የሚያየው። ባለአደራዎቹ ዋንጫው ላይ ያስቀረጹት «ሞንትሪያል ኤ.ኤ.ኤ.፣ 1893» የሚል ነው። የትልቁን ማኅበር ስም ማለት ነው።

ሜይ 15 ቀን 1893 ሸሪፍ ስዊትላንድ ዋንጫውን ይዞ የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ተገኘ። የሆኪ ክለቡ ፕሬዚዳንት ጄምስ ስቱዋርት ሊቀበል አልፈለገም። ክለቡ፣ ዋንጫው በምን ውል እንደሚያዝ ሳናውቅ እጃችንን አንዘረጋም ባይ ነው። እንግዲህ ሸሪፉን አስቡት፤ ከኦታዋ ድረስ በባቡር መጥቶ፣ የጠቅላይ ገዢውን የብር ዋንጫ በእጁ ይዞ፣ ያሸነፈው ቡድን አልቀበልም ይለዋል። በመጨረሻ የተቀበለው የትልቁ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጄምስ ቴይለር ነው። ማኅበሩ ለተጫዋቾቹ የወርቅ ቀለበት ሰጠ፤ ዋንጫውን ግን እሱው ዘንድ አስቀመጠው። ሆኪ ክለቡ በዚህ ተቆጣ። ከዚያ ደብዳቤ፣ የደብዳቤ መልስ፣ ኮሚቴ፣ እንደገና ደብዳቤ። ወራት አለፉ። የመጀመሪያው የስታንሊ ካፕ አሸናፊ ቡድን ዋንጫውን በራሱ እጅ ያስገባው ሌላ ክረምት ከመጣ በኋላ ነው።

ይሄን ክርክር ትንሽ ሰዎች ስለ ትንሽ ነገር የተጣሉት አድርገው የሚያወሩ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የጋራ ፕሮጀክት ላይ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን ወዲያው ይገባዋል፦ ኮዱን የጻፈው አንድ ሰው ነው፣ አካውንቱ የተመዘገበው በሌላ ስም ነው፤ ሽልማት ሲመጣ የማነው? ባለአደራዎቹ በሩ ላይ የተለጠፈውን ትልቁን ስም አነበቡ። ተጫዋቾቹ ደግሞ በረዶው ላይ የነበሩት ሰባቱ እነሱ መሆናቸውን ያውቃሉ። ስታንሊ የጻፈው ደንብ አሸናፊው ስሙን ያስቀርጽ ይላል እንጂ ስሙ የቱ እንደሆነ አይናገርም። «ጥርጣሬ ከተነሳ የባለአደራዎቹ ውሳኔ የመጨረሻ ነው» የምትለዋ መስመርም አላዳነችም፤ ጥርጣሬውን ያስነሱት ራሳቸው ባለአደራዎቹ ነበሩና።

ስታንሊ ራሱ ይሄን ሁሉ አላየም። በአፕሪል 1893 ወንድሙ ሞተ፤ የደርቢ መስፍንነቱ ወደሱ ስለተላለፈ በበጋው ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በስሙ ለሚጠራው ዋንጫ የተደረገ አንድም ጨዋታ ሳያይ ነው የሞተው።

ወደ 1894 እንመለስ፣ ወደዚያ ሰንጠረዥ።

ሒሳቡን ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ከሚመስለው ይበልጥ የተቆለፈ ነው። ክሪስታልስ ስምንቱንም ስለተሸነፈ አራቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከሱ ሁለት ሁለት ድል አላቸው። ስለዚህ የቀረው እርስ በርስ ያደረጓቸው 12 ጨዋታዎች ናቸው፤ እነዚያ ውስጥ ሁሉም 3 አሸንፎ 3 ተሸንፏል። ያውም እንደ ስፔን ሊግ «እርስ በርስ ማን ማንን አሸነፈ» ብለን እንለያቸው ብንል፣ የአራቱ የእርስ በርስ ሰንጠረዥ ራሱ እኩል ነው፦ 3 ለ 3፣ 3 ለ 3፣ 3 ለ 3፣ 3 ለ 3። መለያው ራሱ መለያ ይፈልጋል።

ምን ያህል የማይሆን ነገር ነው? 12 ጨዋታ እያንዳንዱ እንደ ሳንቲም ውርወራ ቢሆን የሚቻሉት ውጤቶች 4,096 ናቸው። አራቱንም እኩል የሚያደርጉት 152 ናቸው። (በወረቀትም ይወጣል፤ ለማረጋገጥ ደግሞ አጭር የፓይተን ኮድ ይበቃል፣ ሞክሩት።) ከመቶ 3.7 ገደማ፣ ማለትም ከ27 አንዴ። ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ግን መብረቅ ሁለቴ እንደመምታት ያለም አይደለም። ከ27 አንዴ የሚመጣ ነገር ፕሮዳክሽን ላይ በሳምንቱ ነው የሚመጣው። እዚህ በሁለተኛው ዓመት መጣ።

እንግዲህ የማኅበሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። ሁኔታቸውን አስቡት። ማርች ነው፣ በረዶው ቀን እየቆጠረ ነው። አራት ቡድን አለ፣ ሁለቱ የሞንትሪያል ልጆች፣ አንዱ የኦታዋ፣ አንዱ የኩቤክ። የስታንሊ ሐሳብ፣ አንዴ በሜዳህ አንዴ በሜዳዬ የሚለው፣ እዚህ ላይ ቢሠራ ገና ብዙ ጨዋታና ብዙ ባቡር ይጠይቃል፤ ጊዜው ግን የለም። ሁሉንም አንድ ቦታ ማጫወት ደግሞ የአንዱን ከተማ ሰዎች መጥቀም ነው። እያንዳንዱ ተወካይ ስለ ፍትሕ እየተናገረ የቡድኑን ጥቅም የሚያስከብርበት ዓይነት ስብሰባ ነው፤ ብዙዎቻችን ተቀምጠንበት እናውቃለን።

ድርድሩ ተጓተተ። በመጨረሻ ኩቤክ ራሱን ከፉክክሩ አገለለ። የቀሩት ሦስቱ ሞንትሪያል ላይ እንዲጫወቱ ተወሰነ። ሞንትሪያልና ቪክቶሪያስ ግማሽ ፍጻሜ ይጫወታሉ፤ ኦታዋ ብቸኛው ከሜዳው ውጪ የሚጫወት ስለሆነ እንደ ካሳ በቀጥታ ለፍጻሜ ያልፋል።

ይሄ ውሳኔ ብልህ ነው። ሁለት ጉድለቶችን እርስ በርስ አጣፍቶ ሚዛን ለማምጣት የሚሞክር ነው፦ አንተ ትጓዛለህ፣ ስለዚህ አንድ ጨዋታ እናስቀርልሃለን። በዚያ ሳምንት፣ በዚያ በረዶ፣ ከዚህ የተሻለ ማምጣት ከባድ ነበር። ግን ደግሞ ጨዋታው ካለቀ በኋላ የተጻፈ ደንብ ነው። ተጫዋቾቹ ጃንዋሪ ላይ ሲጀምሩ እንዲህ እንደሚጨርሱ አያውቁም። ኩቤክን ሳስብ ደግሞ ውሳኔው ብልህነቱ ብቻውን አያጠግበኝም። ኩቤክ ከሞንትሪያል 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኦታዋም ይበልጥ ሩቅ፣ በውጤት ግን ከሁሉም እኩል። ሰንጠረዡ ላይ ማንም አልበለጠውም። ዋንጫው ላይ ስሙን ፈልጋችሁ ግን በዚያ ዓመት አታገኙትም። ያጣው በረዶው ላይ ተሸንፎ ሳይሆን ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ማርች 17 ቀን 1894 ሞንትሪያልና ቪክቶሪያስ ተጋጠሙ። በስታንሊ ካፕ ታሪክ የመጀመሪያው የማጣሪያ ጨዋታ ይሄ ነው፤ ዛሬ በየጸደዩ ለሁለት ወር የሚዘልቀው የሆኪ ጥሎ ማለፍ ከዚህ ይጀምራል። ያቀደው የለም፤ የደንብ ቀዳዳ ለመድፈን የመጣ ነገር ነው። ሞንትሪያል 3 ለ 2 አሸነፈ።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ማርች 22፣ ፍጻሜው በዚያው በቪክቶሪያ አዳራሽ ሆነ። ወደ 5,000 ሰው ገባ። ያንን ቁጥር ከ62 ሜትር በረዶ ዙሪያ አስቀምጡት፤ ሰው በሰው ላይ ነው። ጸደይ ከገባ ሁለት ቀን ሆኖታል። ኦታዋ እረፍት አድርጎ የመጣ ቡድን ነው፣ ቀድሞም ጎል አስቆጠረ። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ጎል ሁሉን ያጡት፣ አምና በአንድ ጨዋታ ልዩነት ሁለተኛ የወጡት ኦታዋዎች ለተወሰኑ ደቂቃዎች ዋንጫው እጃቸው ላይ ያለ መሰላቸው። ከዚያ ሞንትሪያል ሦስት አከታተለ። ከሦስቱ ሁለቱን ያገባው ቢሊ ባርሎው ነው። 3 ለ 1።

ያን ዓመት ዋንጫው ላይ የተቀረጸው «ሞንትሪያል፣ 1894» የሚል ብቻ ነው። ከላዩ ያለው የአምናው ጽሑፍ «ኤ.ኤ.ኤ.» ይላል፤ ይሄኛው ላይ ሦስቱ ፊደላት የሉም። ክለብም አይል፣ ማኅበርም አይል። እንደፈለጋችሁ አንብቡት የሚል ነው። ዓመት ሙሉ የተጣሉት ሰዎች መፍትሔ ይሄ ሆነ፤ ሦስት ፊደል መተው።

ክሪስታልስም ብዙ አልቆየም፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ሻምሮክስ ከሚባል ሌላ የሞንትሪያል ቡድን ጋር ተዋሕዶ ስሙ ጠፋ። አራቱን እኩል ያደረገው ግን የሱ ስምንት ሽንፈት ጭምር ነው። አንዱን እንኳ ቢያሸንፍ ኖሮ የተሸነፈለት ቡድን ከአራቱ አንዱ ነውና እኩልነቱ ይፈርስ ነበር፣ ስብሰባውም አይኖርም ነበር።

ማኅበሩና ባለአደራዎቹ ከዚህ ተምረው ቀዳዳውን ሁሉ ደፈኑ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1895፣ ሊጉን ቪክቶሪያስ አሸነፈ፤ ንጹሕ አንደኛ፣ ምንም እኩል የለም። ችግሩ፣ ባለአደራዎቹ ከዚያ በፊት ከኪንግስተን ከተማ የመጣ የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲን የፍልሚያ ጥያቄ ተቀብለው ነበር፤ ዋንጫው በወቅቱ እጁ ላይ ካለው ከሞንትሪያል ሆኪ ክለብ ጋር ሊጫወት። ስለዚህ ተወሰነ፦ ኩዊንስ ካሸነፈ ዋንጫው የኩዊንስ ነው። ሞንትሪያል ካሸነፈ ዋንጫው የቪክቶሪያስ ነው። ማርች 9 ቀን ሰባቱ የሞንትሪያል ተጫዋቾች ጫማቸውን አስረው በረዶው ላይ ወጡ፤ ቢያሸንፉም የማይወስዱትን ዋንጫ ለማስከበር፣ ያውም በዚያው ከተማ ላለው ባላንጣቸው። 5 ለ 1 አሸነፉ። ዋንጫውን ቪክቶሪያስ ወሰደ።